ሜትሩን ከእኔ ጋር ይቁጠሩ

ከመርካቶ ከተመለስኩ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። ዳሎቻ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይጠይቀኛል። «ኡስታዙን ሳታመጪልን ቀረሽ፤ እምቢ አሉ እንዴ?» ይለኛል አንዱ። «መርካቶ የገባ ነጋዴ ለማስተማር ይመለሳል ብለሽ ነው?» ይላል ሌላው። ነገሩ መንገድ ላይ ቆመው የሚያወሩት ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚህ ጻፍኩት። መርካቶን አይታችሁ ለማታውቁ፣ በተለይም ለትምህርት ቤታችን ወላጆች ነው የምጽፈው።

ለምን እንደሄድኩ ላስታውስ። ሰሚራ እባላለሁ፤ ቁርኣንንም መደበኛውንም ትምህርት አንድ ግቢ ውስጥ በምንሰጥበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ። ባለፈው ዓመት እኛው ዘንድ ተምሮ የወጣ አንድ ወጣት የሚሸጠው በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ሲቀላቅል ተያዘ። ቁርኣኑን አሳምሮ የሚቀራ ነበር። በሒሳብም እኔ ራሴ ዘጠና አምስት ሰጥቼዋለሁ። ወላጆች ተሰብስበው «ምንድን ነው ያስተማራችሁት?» አሉን። ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ስብሰባ ነው። ንግድንና አማናን፣ ማለትም አደራ ጠባቂነትን፣ አብሮ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ እንክፈት ተባለ። ማን ያስተምረው ሲባል ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ «ኑረዲን» አሉ።

ኡስታዝ ኑረዲን ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ማስተማሩን ትተው መርካቶ ገቡና የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ መሸጥ ጀመሩ። ገዢው ሳይጠይቅ የጨርቁን እንከን አውጥተው የሚያሳዩ ነጋዴ እየተባሉ ዝናቸው እኛ ድረስ ይመጣ ነበር። ስልክ ስደውል ባለቤታቸው እትዬ ሩቅያ አነሱት። ጉዳዩን ስነግራቸው፣ «በስልክ አይሆንም ልጄ። ራስሽ ነይ። ቶሎ ነይ» አሉኝ። ለምን ቶሎ እንዳሉኝ አልጠየቅኩም።

ሰኞ

ፈጅር ሰግጄ ወጣሁ። ባለቤቴ ሻንጣዬን፣ የአማቴን ቅቤና በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ተሸክሞ እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ። እስከ ወራቤ በሚኒባስ፣ ከወራቤ በአውቶቡስ ነው መንገዱ። ቡታጅራን እስክናልፍ ከቤቴ የወጣሁ አልመሰለኝም፤ ያው የእኛው እንሰት፣ ያው የበርበሬ ማሳ ነው። ጢያን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ከሌላ መኪና ክሪክ ለምኖ እስኪያመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ተቀመጥን። ፀሐዩ ቅቤዬን አቀለጠውና አጠገቤ የነበሩ አንድ አሮጊት ነጠላ ላይ ፈሰሰ። አንገታቸው ላይ ማዕተብ አስረዋል፤ ነጠላው የክት መሆኑ ያስታውቃል። «ይቅር ይበሉኝ እማማ» እያልኩ በሂጃቤ ጫፍ መጥረግ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ተይው ልጄ፤ እኔም ራሴን ከተቀባሁ ቆይቻለሁ» አሉና ቅቤውን ከነጠላቸው ላይ በጣታቸው እየጠረጉ ፀጉራቸውን ቀቡት። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። በአምስት ቀን ጉዞዬ ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ነው።

አየር ጤና ወርጄ በታክሲ መርካቶ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የእኛ ገበያ በሳምንት ሁለቴ ይቆማል፤ ሲመሽ ይበተናል፤ በማግስቱ ሜዳው ላይ ፍየል ይግጥበታል። መርካቶ ግን መበተን የሚባል ነገር የሚያውቅ አይመስልም። እኛ ጋ ሰው ሲገፋህ ዞሮ «አውፍ፣ ይቅርታ» ሳይል አያልፍም። እዚያ ግን «ዞር በይ!» የሚለውን ድምፅ ሰምቼ ሳልዞር የተሸካሚው ጆንያ ትከሻዬን መትቶኝ አለፈ። ሁለተኛው ደግሞ የያዝኩትን ቆጮ ከእጄ አስጣለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ የጋሪ ጎማ ጣቴን ለጥቂት ሳተው። አዲስ በተሠሩ ባለ መስታወት ሕንጻዎች ግርጌ አሮጌዎቹ የቆርቆሮ ሱቆች እንዳሉ አሉ። የጨርቁን ተራ ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት።

መጀመሪያ ያዩኝ ክርና ቁልፍ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የአማቴ ቅቤ ሻንጣዬ ላይ፣ የመንገዱ አቧራ ፊቴ ላይ ነው። «ከአገር ቤት ነሽ አይደል? የኑሬ እንግዳ ትሆኛለሽ» አሉኝና ሻንጣዬን ተቀብለው ወደ ቀጣዩ ሱቅ አስገቡኝ። ጋሼ ወልዴ ይባላሉ። ከኡስታዙ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ሃያ ዓመት ነግደዋል።

ኡስታዝ ኑረዲን ከጣቃዎቹ መካከል ቀና ብለው አዩኝ። ፂማቸው ነጭ ሆኗል። ስሜን ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣

«ሰሚራ!» አሉ። «ሰባትን እንደ አንድ የምትጽፊው! አሁንም እንደዚያው ነሽ?»

እንባዬ መጣ። ከሃያ ዓመት በላይ ያላዩኝ ሰው ናቸው። የአባቴን መሞት ያውቃሉ፤ የትኛው ዴስክ ላይ እቀመጥ እንደነበር ያውቃሉ። በልቤ «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው ለልጆቻችን የሚያስፈልገው» አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሱቁን ዘግተን አማኑኤል አካባቢ ወዳለው ቤታቸው በእግር ጉዞ ጀመርን። ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው እያጫወቱኝ አንድ መታጠፊያ ላይ ቆሙ። ግራ አዩ። ቀኝ አዩ። ከዚያ በቀኝ በኩል ገቡ። ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን «ኑሬ! በዚያኛው እንሂድ፣ እኔም በዚያ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማን። ጋሼ ወልዴ ናቸው። ኡስታዙ «አሃ፣ ወሬ ይዞኝ» ብለው ተመለሱ። ጋሼ ወልዴ ጥቂት አብረውን ከሄዱ በኋላ እንደገና ወደ ኋላ ቀሩ። በር ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ቆመው እስክንገባ ይጠብቃሉ። ገባን፤ እሳቸው ወደ መጡበት ተመለሱ። ቤታቸው በዚያ በኩል እንዳልሆነ በኋላ ሰማሁ።

እትዬ ሩቅያ አቅፈው ሳሙኝ። ያመጣሁትን ቆጮ ሲያዩ ልጅ እንደተወለደላቸው ሰው ሆኑ። መርካቶ ቆጮ ሞልቷል፤ ግን ይደርቃል አሉ። በጎመንና በአይብ በላን። ኡስታዙ ሦስት ጊዜ «መቼ መጣሽ?» ብለው ጠየቁኝ። መንገድ ያደከመኝ እኔ ስሆን የደከሙት እሳቸው ናቸው ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት አብሬያቸው ሱቅ ዋልኩ። ሲሸጡ ማየት ፈልጌ ነበር።

አንድ አባት ለሁለት ልጆቹ ሱሪ የሚሆን ካኪ ፈልጎ መጣ። ኡስታዙ ጣቃውን አወረዱና ከመለካታቸው በፊት በሩ ላይ ወጥተው በፀሐይ ዘርግተው ያዙት። «እዚህ ጋ ታያለህ? ክር ዘሏል። ሰፊው ኪስ ውስጥ ካዋለው አይታይም፤ ጉልበት ላይ ካዋለው ግን በሦስት ወር ይቀደዳል። ንገረው።» ሰውዬው ግራ ገባው። በቅርብ የመጣ ገዢ ነው መሰለኝ፣ እንከኑን የሚነግረው ሻጭ አልለመደም።

ከዚያ ሜትሩን አንሥተው መለካት ሲጀምሩ፣ ከራሳቸው በላይ የተሰቀለ ካርቶን በጣታቸው አሳዩት። እኔም ያኔ ነው ያየሁት። በዚያ በማውቀው የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈታቸው እንዲህ ይላል፦

«ውድ ደንበኞቼ፣ መርሳት ጀምሬአለሁ። ሜትሩን ከእኔ ጋር ይቁጠሩ።»

ሰውየው ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ ኡስታዙም አብረው ቆጠሩ። አራት ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ሰውየው «አምስት» ሲል «አምስት» ብለው ቀጠሉ።

ሰውየው ሲሄድ ካርቶኑን ደግሜ አየሁት። እሳቸው ቀድመው ተናገሩ።

«አነበብሽው?»

«አዎ ኡስታዝ።»

«ከክረምት በፊት ነው የጀመረኝ። ዘነበች የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፣ ጎጃም በረንዳ አጠገብ። ለአንድ ትምህርት ቤት ልጆች የሚሆን አርባ ሜትር ጨርቅ ለካሁላት። መሐል ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ጠፋኝ ማለት አፈርኩና በግምት ቀጠልኩ።» ጣታቸውን በጨርቁ ጠርዝ ላይ እያሄዱ ነበር። «ስድስት ሜትር ጎደለባት። ለሦስት ልጆች ሳይሰፋላቸው ቀረ፤ ትምህርት የተጀመረ ቀን በአሮጌ ልብስ ሄዱ። ቁጥሩ መጥፋቱ ከአላህ ነው ሰሚራ። በግምት መቀጠሌ ግን ከእኔ ነው። የጨርቅ እንከን አልደብቅም ስል ኖሬ የራሴን ደበቅኩ።»

ካርቶኑን የጻፉት በማግስቱ ነው። የተራው ነጋዴዎች «አውርደው፣ ደንበኛ ታሸሻለህ» ብለዋቸው ነበር። ደንበኛው ግን አልሸሸም። ከጠበቁት ሌላ ነገር መጣ።

«አሁን የሚቆጥሩት ሰዎች ለእኔ ያዝናሉ» አሉኝ። «ዘጠኝ ሜትር ለክቼ 'አሥር ሞላ፣ ይበቃኛል' ብላኝ የሄደች ሴት አለች። ወልዴ አይቶ ነው የነገረኝ። ድሮ እኔ አጎድልባቸው እንዳይሆን ነበር ፍራቴ። አሁን ደግሞ እነሱ በራሳቸው ላይ ያጎድላሉ። ያም ሆነ ይህ ልኩ ጠፍቷል። ስለዚህ ሐሙስ ሱቁን ጨርሼ እዘጋለሁ።»

የመጣሁበትን ነገር ያኔ ማንሣት አልነበረብኝም። ግን አነሣሁት። ስለ ልጁና ስለ በርበሬው፣ ስለ ወላጆች ስብሰባ፣ ሁሉም የእሳቸውን ስም እንደጠራ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። የዚያ ልጅ ነገር በጣም አሳዘናቸው፤ ስሙን ጠይቀው ዱዓ አደረጉለት።

«ልጆች ፊት መቆም አልችልም» አሉ መጨረሻ ላይ። «አንድ ስሌት ጀምሬ መሐሉ ላይ ብቆም ምን ይማራሉ? አንቺን ግን አስተምርሻለሁ። ዛሬና ነገ። ደብተር ያዢ።»

ጋሼ ወልዴ በርጩማ አመጡልኝ፤ ስድስተኛ ክፍል እንደነበርኩት ሆኜ ተቀመጥኩ። የተናገሩትን እንዳለ ጽፌዋለሁ። አዲስ ክፍለ ጊዜ አትክፈቱ አሉ። አማናን ለብቻ ካስተማራችሁት ልጁ ለፈተና ያጠናዋል፣ ከፈተናው ጋርም ይተወዋል። ሒሳቡ ውስጥ አግቡት። እውነተኛ ሚዛን ክፍል ይግባ፤ ልጆቹ በርበሬውን በእጃቸው ይመዝኑ፤ ከዚያ የሚዛኑን አንድ ጎን አበላሽታችሁ ስጧቸውና ማን ቀድሞ እንደሚናገር እዩ። የቤት ሥራ ሲያስረክቡ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ የገመተበትንና ከጓደኛው ያየበትን ቦታ በራሱ እጅ ምልክት ያድርግበት።

«ምልክት ስላደረገ ማርክ ይቀነስበታል?» አልኳቸው።

«ከቀነስሽበት መደበቅ ታስተምሪዋለሽ።»

ሃያ ምናምን ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል፤ ያስተማርኩት አሥራ አራት ዓመት ነው። ግን እንዲያ ተሰማኝ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ትምህርት ከመጀመሪያው ደገሙልኝ፤ በተመሳሳይ ቃላት፣ በተመሳሳይ ምሳሌ። አላቋረጥኳቸውም። እንደ አዲስ ጻፍኩት። ደብተሬ ውስጥ ሁለቱም አሉ።

ረቡዕ

ጠዋት እትዬ ሩቅያ የላኩኝን ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ጠፋሁ። እኛ አገር መጥፋት የሚባል ነገር የለም፤ ከየትም ብትቆሙ የመስጊዳችን ሚናራ ይታያል። መርካቶ ውስጥ ግን ሕንጻው ሁሉን ይጋርዳል። ሁለት ጊዜ ተሽከርክሬ ያው የፕላስቲክ ባልዲ የተከመረበት በር ላይ ተመለስኩ። ባልዲ ሻጯ ሁለተኛ ስታየኝ ሳቀችና «እህቴ፣ ሦስተኛ እንዳትመጪ» ብላ ሱቋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ እስከ ጨርቁ ተራ አደረሰችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሰው ውስጥ ገባች።

ስደርስ ኡስታዙ ጨርቅ አጥፈው በጋዜጣ ይጠቀልላሉ።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ። ከሐሙስ በፊት አንድ የምጨርሰው ጉዳይ አለኝ። የዘነበችን ስድስት ሜትር ላደርስላትና አውፍ በይኝ ልላት ነው። እስከ ዛሬ መቆየቴ ራሱ ጥፋት ነው። አብረሽኝ ነይ።»

ጋሼ ወልዴን አየኋቸው። ክር እያጠነጠኑ ነበር፤ ቀና አላሉም።

ወደ ጎጃም በረንዳ አቅጣጫ ሄድን። ጋሪ ከጋሪ የተያያዘበት መንገድ ነው፤ እህል የጫነ መኪና ጠባቡ ላይ ቆሞ ሰው በጎኑ እየተሽሎከለከ ያልፋል። ኡስታዙ ጥቅሉን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ነው የሄዱት። ስሰማቸው የሚሉትን ቃል ይለማመዳሉ፤ እንደ ተማሪ።

እትዬ ዘነበች ሁለት የስፌት መኪና ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሃምሳ ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሴት። ኡስታዙን ሲያዩ ተነሡ።

«ጋሼ ኑረዲን! ምነው በደህና?»

ኡስታዙ አልተቀመጡም። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ቁጥሩ እንደጠፋባቸው፣ አፍረው በግምት እንደቀጠሉ፣ ሦስቱ ልጆች በአሮጌ ልብስ ትምህርት እንደጀመሩ አንድ በአንድ ተናገሩ። ምንም አላለሰለሱም። «ጨርቁ ይኼው። ልጆቹ ያፈሩበትን ቀን ግን መመለስ አልችልም። ለእሱ አውፍ በይኝ» አሉና አለቀሱ። ትልቅ ሰው፣ ያስተማረኝ ሰው፣ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

እትዬ ዘነበች ጥቅሉን ተቀበሉ። የኡስታዙን እጅ በእጃቸው ያዙ። «እኔ ከልቤ ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። እግዜርም ይቅር ይበልዎ። ልጆቹም በሳምንቱ ተሰፍቶላቸዋል፤ አንድም የተቀየመ የለም።»

«እውነት?»

«እውነቴን ነው።»

ፊታቸው እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። የቀትሩ የዙህር ሶላት ደርሶ ነበርና ውዱእ የሚያደርጉበት ውሃ ጠየቁ። ወደ ግቢው ሲወጡ እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ዘመድ ነሽ?»

«ተማሪያቸው ነኝ።»

«ዛሬ ስድስተኛው ነው» አሉኝ በዝግታ።

አልገባኝም።

«ስድስት ጊዜ መጥተዋል። ስድስት ሜትር ጨርቅ ይዘው፣ ያንኑ ነገር ይነግሩኛል፤ ያለቅሳሉ። ጨርቁን ማታውን ለወልዴ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ሳይታይ መደርደሪያው ላይ ይመልሰዋል። በመጀመሪያው ነው ሁሉም ያለቀው። ጨርቁን ወስጄ ለልጆቹ የሰፋሁትም ያኔ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «በሁለተኛው 'መጥተው ነበር እኮ' ልላቸው ነበር። እንዴት ብዬ ልበላቸው? ታዲያ በመጡ ቁጥር እንደ አዲስ ይቅር እላቸዋለሁ። ደግሞም እንደ አዲስ ያስለቅሱኛል።»

ማታ እራት ላይ ኡስታዙ እንደዚያ ቀልሏቸው አይቼ አላውቅም። ጨዋታ አበዙ። ለኢሻ ሶላት ሲነሡ እትዬ ሩቅያን ማድ ቤት ተከትዬ ገባሁና ያየሁትን ነገርኳቸው።

«አንዴ ነግሬው ነበር» አሉ ሰሃን እያጠቡ። «'ሄደሃል እኮ፣ ይቅር ብላሃለች' አልኩት። ቀኑን ሙሉ አለቀሰ። መሄዱን መርሳቱ ነው ያስለቀሰው። በማግስቱ የነገርኩትን ረስቶ ጥፋቱን ብቻ አስታውሶ ተነሣ። ሐኪሙ እየባሰ ነው የሚሄደው ብሎኛል። ስልክ ስትደውዪ ቶሎ ነይ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሊያስተምርልሽ እንደማይችል አውቅ ነበር። ስምሽን እያወቀ እንድታዪው ብዬ ነው። አታለልኩሽ፤ አውፍ በይኝ።»

አውፍ አልኳቸው። ግን ያን ሌሊት አንድ ሐሳብ አስቸገረኝ። እንከን አልደብቅም ያለ ሰው ነው፤ እኛ ሁላችን፣ የምንወዳቸው ሁሉ፣ ከእሳቸው ደብቀናል።

ሐሙስ

የመጨረሻው ቀን ነበር። ብዙ ጣቃ አልቀረም፤ ጋሼ ወልዴ ለሌላ ነጋዴ አስረክበውላቸዋል። የቀረውን አብረን አጣጠፍን። ኡስታዙ ካርቶኑን ከግድግዳው አወረዱና ይዘውት ተቀመጡ። ከዚያ ዓይናቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ነገር ላይ አረፈ። መደርደሪያው ጥግ ላይ ነው። ጋሼ ወልዴ ከማታው መልሰውታል፤ ጋዜጣውን መፍታት ግን ረስተዋል።

ኡስታዙ አንሥተው ገለጡት። በእጃቸው ለኩት። ስድስት ሜትር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰሚራ፣ አንቺ ተማሪዬ ነሽ። ሩቅያ ታዝንልኛለች፣ ወልዴም ያዝንልኛል። አንቺ ግን የጠየቅኩሽን መልሺልኝ። ዘነበች ዘንድ ሄጄ አውቃለሁ?»

ጋሼ ወልዴ በሩ ላይ ቆመው ጭንቅላታቸውን ወዘወዙብኝ። እንዳልናገር ነው።

እኔ ደግሞ የመጣሁት ልጆች እውነት መናገርን እንዲማሩ ነበር።

«ሄደዋል ኡስታዝ» አልኩ። «ትናንት አብረን ሄደናል። ስድስተኛዎ ነው።»

ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሱም።

«ምን አለችኝ?»

«ስድስቱንም ጊዜ ይቅር ብላዎታለች።»

«አንዴም አልተቆጣችም?»

«አንዴም።»

«ሱብሓነላህ» አሉ። «አንድ ጥፋት አጥፍቼ ስድስት ጊዜ ይቅር ተባልኩ። እኔ ግን አንዱንም አላገኘሁትም።» ከዚያ ወደ ጋሼ ወልዴ ቀና ብለው፣ «አንተ ነህ ስትመልስ የነበርከው?» አሏቸው።

ጋሼ ወልዴ ገብተው አጠገባቸው ተቀመጡና ትከሻቸውን ያዟቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ባዶ ሱቅ ውስጥ እንደዚያ ተቀምጠው ቆዩ። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ሲያልፉ አየሁ። አጠፋሁ ወይስ ደግ አደረግሁ የሚለውን ዛሬም አላውቀውም።

ስመለስ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ጻፊልኝ። እኔ ብጽፈው ራሴን ያታለልኩ ይመስለኛል።» ያሉኝን ጻፍኩ፦ «ኑረዲን ሆይ፣ ጨርቁ ደርሷል። ዘነበች ይቅር ብላሃለች። አትሂድ። ይህን የጻፈችው ተማሪህ ሰሚራ ናት።» አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ስድስቱን ሜትር ጨርቅ፣ ልብስ ለሌለው ለማንኛውም ተማሪ እንድሰጥ ለእኔ ሰጡኝ። ቁልፉን ለጋሼ ወልዴ አስረከቡ። ከአካባቢው ነጋዴዎች አሥራ ሁለት የሚሆኑ መጥተው እየተሰናበቷቸው ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ካርቶኑን አውርድ ብለው የነበሩት ናቸው።

ዓርብ

እትዬ ሩቅያ ለመንገድ ብለው ዳቦና የተቀቀለ ዕንቁላል ቋጠሩልኝ። ኡስታዙ እስከ ታክሲው ሸኙኝ። ታክሲው ሊነሣ ሲል መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው «ለአባትሽ ሰላም በይልኝ» አሉኝ። ሰኞ ዕለት ስለ አባቴ ሞት አጽናንተውኝ ነበር። «እሺ ኡስታዝ፣ እላለሁ» አልኩ። ከሐሙሱ በኋላ እውነት ለመናገር የሚሆን አቅም አልቀረኝም። መንገዱን ሁሉ የማስታውሰው ትንሽ ነው። ጎማ አልፈነዳም፣ ቶሎ ደረስን፤ ይኸው ነው።

ወላጆች፣ ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይህ ነው። ኡስታዙ አይመጡም። ያስተማሩኝን ግን በሰባተኛ ክፍል ጀምሬዋለሁ።

ከተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ሩቅያ ደወሉ። የቤቱን ሰላም ከተጠያየቅን በኋላ ስለ ወረቀቱ ጠየቅኳቸው፤ ጠቅሟቸው እንደሆነ።

«መጀመሪያ ሰሞን ጠቅሞታል» አሉ። «ጠዋት ይነሣና ሊሄድ ይጠይቀኛል፤ ከኪሱ አውጥቶ ያነብና ይቀመጣል። ትናንት ግን አነበበና 'ዘነበች ማናት?' አለኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ይቅር ያለችህ ሴት ናት አልኩት። 'አላህ መልካም ይክፈላት' አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው።» ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ምን አድርጌያት ነው ብሎ አልጠየቀኝም ሰሚራ። ኑረዲን ይህን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ሰው ነበር?»

አልነበረም አልኳቸው።